ጠርሙሱ ላይ «ዳሎኔጋ ፕላቶ» ብለን መጻፍ እንችላለን?

ጥያቄ፦ የምኖረው አትላንታ ነው። በሰሜን ጆርጂያ፣ ዳሎኔጋ አጠገብ 6 ኤከር መሬት ገዝቼ ዘንድሮ ወይን ተክለናል። ለመጪው እንቁጣጣሽ የመጀመሪያውን ወይን ጠጅ ለገበያ እናወጣለን። ጠርሙሱ ላይ «ዳሎኔጋ ፕላቶ» ብለን ብንጽፍ ችግር አለው? የማር ጠጅም አብረን ለመሸጥ አስበናል።

መልስ፦ እንኳን ደስ ያለዎት። የብሉ ሪጅ ተራሮች ግርጌ ለወይን የሚመች አገር ነው። የፌዴራል መንግሥቱ «ዳሎኔጋ ፕላቶ»ን በወይን አብቃይ አካባቢነት በይፋ ያወቀው በ2018 እ.ኤ.አ. ነው። ላምፕኪንና ዋይት በሚባሉ ካውንቲዎች ውስጥ ያለ፣ ስፋቱም 133 ስኩዌር ማይል ገደማ የሆነ ትንሽ ቦታ ነው።

ፈቃዱን በአጭሩ ልለፈው። ከፌዴራሉ የአልኮልና ትምባሆ ቢሮ (ቲቲቢ)፣ ከስቴቱና ከአካባቢው አስተዳደር ፈቃድ ያስፈልግዎታል። የጠርሙሱ ጽሑፍም ቀድሞ መጽደቅ አለበት። የማር ጠጁ በዚህ ስም ሊጠራ አይችልም፤ ስሙ ለወይን ፍሬ ነው። ቤት ውስጥ ለራሳችሁ የምትጥሉትን ጠጅ ደግሞ አንድ ጠርሙስም ቢሆን እንዳትሸጡ።

አሁን ወዳልነገሩኝ ነገር ልምጣ። ዘንድሮ የተተከለ ወይን ለመጪው እንቁጣጣሽ አይደርስም። ደህና ምርት ለመስጠት ሦስት ዓመት ገደማ ይፈልጋል። ታዲያ ፍሬው ከየት ሊመጣ ነው? ደብዳቤዎን ደግሜ አነበብኩት፣ የለም። ከካሊፎርኒያ ሊያስመጡ ነው፣ ወይ ከጎረቤት ሊገዙ ነው ብዬ ገመትኩ።

ሰው ሁሉ የሚወድቅበት ጉድጓድ ይኸው ነው። «እዚሁ ጨምቀን፣ እዚሁ በርሜል ውስጥ አስቀምጠን፣ እዚሁ አሽገነው እንዴት የዳሎኔጋ አይባልም?» ይሉኛል። አይባልም። ሕጉ መጀመሪያ የሚጠይቀው ፍሬው የት እንደበቀለ ነው። ቢያንስ 85 ከመቶው ከታወቀው ወሰን ውስጥ የበቀለ መሆን አለበት። ወይን ጠጁም ተሠርቶ ማለቅ ያለበት ጆርጂያ ውስጥ ነው። የካሊፎርኒያ ፍሬ ጆርጂያ ላይ ከተጨመቀ «ካሊፎርኒያ» ለመባልም አይበቃም፣ «አሜሪካን» ብቻ ተብሎ ይሸጣል። «ስሙን የድርጅታችን ስም እናደርገዋለን» የሚል ብልሃትም አያዋጣም። የንግድ ስምዎ ውስጥ «ዳሎኔጋ ፕላቶ» ካለ ያው 85 ከመቶ ይጠየቃሉ።

ከጎረቤት ከገዙም አፉን አይመኑ። በቀደም አንድ ደንበኛ ለማስረጃ ያመጣልኝ በስልኩ ያነሳውን የፒካፕ ፎቶ ነበር፤ ፒካፑ ሙሉ ወይን ጭኗል፣ የማን እንደሆነ ግን አይናገርም። የሚያስፈልግዎት የሚዛን ወረቀት ነው። ቀኑ፣ የእርሻው ስምና ቦታ፣ የወይኑ ዓይነት፣ ክብደቱ፣ የሻጩ ፊርማ ይኑርበት። መዝገቡን ቢያንስ ሦስት ዓመት ያቆዩት።

«አጠገብ» ያሏት ቃልም አሳስባኛለች። ፖስታዎ ዳሎኔጋ በሚል አድራሻ መምጣቱ መሬትዎ ወሰኑ ውስጥ ነው ማለት አይደለም። ወሰኑ የተሰመረው በመንግሥት የመልክዓ ምድር ካርታዎች ላይ ነው፣ ሁለቱንም ካውንቲዎች ሙሉ በሙሉ አይሸፍንም። የመሬትዎን ፕላን ይዘው ከቀያሽ ጋር ያመሳክሩት። ውጭ ሆኖ ከተገኘ የራስዎ ፍሬም ቢሆን ከ85ቱ ውስጥ አይቆጠርልዎትም።

ሌላም አለ። መሬቱን «ገዝቼ» ብለው ወዲያው «ተክለናል» ይላሉ። እነማን ናችሁ? ቲቲቢ ባለቤቶቹ እነማን እንደሆኑና ገንዘቡ ከየት እንደመጣ ይጠይቃል። የእቁብ ገንዘብ ከሆነ ነውር የለውም፣ ግን ወረቀት ይፈልጋል። የእቁቡን ደብተር ኮፒ ያድርጉ፣ ጸሐፊውንም አስፈርሙ። ሽርካዎ የሥጋ ዘመድ ቢሆንም ውሉ ይጻፍ። እባክዎ ቅር አይበሉኝ፤ ማመልከቻው ላይ የተደበቀ ሸሪክ ከታክስ ዕዳ ይብሳል።

የጠርሙስ ወረቀት ለማተም ቀብድ ከፍለው ከሆነ ለአታሚው ዛሬውኑ ደውለው ያስቁሙት። ከዚያ የመሬቱን ፕላን፣ የፍሬ ግዢ ውሉንና የገንዘቡን ማስረጃ ይዘው ጆርጂያ ውስጥ የአልኮል ፈቃድ ጉዳይ የሚሠራ ጠበቃ ጋ ይግቡ። እኔ ያየሁት ደብዳቤዎን ብቻ ነው፣ እሱ ሰነዱን ይይ።