ከጣሪያዬ የተረፈውን መብራት ልሽጠው?

ጥያቄ፦ ቤቴ አምስት ኪሎ ነው። ግቢው ውስጥ ሁለት ተከራዮች አሉኝ። ቆጣሪያችን አንድ ነው፣ ባለ ካርድ። መብራት እየሄደ ሲያስቸግረን ጥቅምት ላይ ሶላር አስገጠምኩ። ባለ 550 ዋት 6 ፓኔል፣ ባለ 5 ኪሎዋት ሃይብሪድ ኢንቨርተር (ፓኔሉን፣ ባትሪውንና የመብራት ኃይልን መስመር የሚያገናኘው ሳጥን) እና አንድ ሊትየም ባትሪ ነው። ባትሪው ከምሳ በፊት ይሞላና ፀሐዩ በከንቱ ይቀራል። የገጠመልኝ ልጅ አሁን «6 ፓኔል ይጨምሩ፣ ትርፉን መብራት ኃይል ይገዛል፣ ወጪዎን ይመልሳሉ» ይለኛል። ጀርመን ያለችው እህቴም እንደሚሸጡ ነግራኛለች። ልጨምር ወይስ ይቅርብኝ?

መልስ፦ ይቅርብዎት እናቴ፣ ቢያንስ ለጊዜው።

ልጁ «ይገዛል» ካለ ውሉን ያሳይዎት። እርስዎ ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ጋር ያለዎት ውል መብራት የሚገዙበት ነው። ለመሸጥ ሌላ ውል ያስፈልጋል። የሚገባውንና የሚወጣውን ለየብቻ የሚቆጥር ቆጣሪም ያስፈልጋል። የኪሎዋት ሰዓቱ ዋጋ በወረቀት፣ በፊርማና በማህተም መስፈር አለበት። ይሄ እጅዎ ሳይገባ ሽያጭ የሚባለውን ከሂሳብዎ ያውጡት። ፓኔል ሻጭ የሚያተርፈው ፓኔል ሲሸጥ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው የእርስዎ ጣጣ ነው።

ዝም ብሎ ወደ መብራት ኃይል መስመር መልቀቅስ? በጭራሽ። የድሮው ባለ ዲስክ ቆጣሪ ኃይል ወደ ውጭ ሲሄድ ወደ ኋላ ይዞር ነበር። ከዲጂታሎቹ አንዳንዶቹ ግን አቅጣጫ አይለዩም፣ የላኩትንም እንደተጠቀሙት ይቆጥራሉ። ፀሐይዎን ለሰፈሩ መርቀው ካርድዎ ላይ ያለው ብር ሲቀንስ ያያሉ ማለት ነው።

እህትዎ እውነታቸውን ነው። ጀርመን እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣችው ሕግ ከጣሪያ ለሚመጣ አንድ ኪሎዋት ሰዓት 50 ዩሮ ሳንቲም ገደማ ትከፍል ነበር፣ ዋጋውም ለ20 ዓመት አይነካም። ዛሬ አዲስ የሚገጥም ሰው ትርፉን የሚሸጠው በ8 ሳንቲም ገደማ ነው። ከመስመሩ ሲገዛ ግን ከ30 በላይ ይከፍላል። ስለዚህ እዚያም ሰው አሁን የሚሯሯጠው ራሱ ለመጠቀም ነው። ኬንያም እ.ኤ.አ. በ2024 ደንብ አውጥታለች፤ ሁለት ልከው አንድ ይታሰብልዎታል፣ እሱም ከሂሳብ የሚቀነስ እንጂ ጥሬ ብር አይደለም።

የእኛ አገር ኃይል ደግሞ በአብዛኛው ከውሃ ነው። የህዳሴ ግድብ ብቻ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ ለጅቡቲና ለኬንያም ይሸጣል። እንዲህ ያለ ሻጭ እኩለ ቀን ላይ የእርስዎን ሁለት ኪሎዋት በውድ ለመግዛት አይቸኩልም። መብራት የሚሄድብዎትም ብዙ ጊዜ ግድቡ ጎድሎ ሳይሆን ሰፈር ውስጥ ያለው ሽቦ ወይም ትራንስፎርመር ተበላሽቶ ነው።

ታዲያ ትርፉ የት ይግባ? ምጣዱ ላይ።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይጎትታል። ስድስቱ ፓኔሎችዎ በደህና ፀሐይ የሚሰጡት ከዚያ አይበልጥም። እንጀራ ከ5 እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ይጋገር። ለተከራዮቹም ቀን ያከፋፍሏቸው። አንዷ ማክሰኞ፣ አንዷ ሐሙስ፣ እርስዎ ቅዳሜ። ምጣዱ በሌለበት ቀን ልብስ ማጠቢያውና የውሃ ፓምፑ በዚያው ሰዓት ይሥሩ። ምጣድና ፓምፕ አንድ ላይ አይነሱ፣ ኢንቨርተሩን ያስጨንቁታል። የቆጣሪው አንድ መሆን እዚህ ላይ ይጠቅምዎታል። ታሪፉ ብዙ በተጠቀሙ ቁጥር የሚወደድ ነው፣ ከ2017 ወዲህም በየጊዜው እየጨመረ ነው። ሦስት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም ውዱ እርከን ላይ ይወጣል። ስለዚህ ከፀሐይ የጋገሩት እንጀራ የሚያስቀርልዎ ውዱን መብራት ነው። ያንን ዋጋ የሚከፍልዎ ገዢ አያገኙም።

ልጁን ደግሞ ጠርተው አንድ ነገር ያስፈትሹት። ከቆጣሪው በሚመጣው ሽቦ ላይ የታቀፈች፣ መብራት መግባት መውጣቱን ለኢንቨርተሩ የምትነግር ጥቁር ቀለበት አለች፤ ሲቲ ይሏታል። ጎኗ ላይ ቀስት አለ። ቀስቱ መመሪያው ከሚለው በተቃራኒ ከዞረ ኢንቨርተሩ የሚገባውን የሚወጣ፣ የሚወጣውን የሚገባ ያደርገዋል። ቀስቱ ከተስተካከለ በኋላ ወደ ውጭ መላክን የሚከለክለው ቅንብር መከፈቱን ያረጋግጥ፤ «ዜሮ ኤክስፖርት» ነው የሚሉት። መብራት ሲሄድም ኢንቨርተሩ ራሱን ከመስመሩ መቁረጥ አለበት። ካልቆረጠ የእርስዎ 220 ቮልት በሰፈሩ ትራንስፎርመር ወደ ኋላ ሄዶ 15,000 ይሆናል። ምሰሶ ላይ የወጣው ሠራተኛ ደግሞ መስመሩ የሞተ መስሎታል። ይህንን ፊትዎ ዋናውን ብሬከር አጥፍቶ ያሳይዎት፣ በወሬ አይለፉት።

ስለ ተጨማሪው 6 ፓኔል አንድ ልበል። የአንዱ ፓኔል ቮልቴጅ ጭነት ሳይኖርበት 50 ገደማ ነው። ልጁ አሥራ ሁለቱን በአንድ ተርታ አከታትሎ ከቀጠላቸው 600 ይደርሳል። የእርስዎ ዓይነት ብዙ ኢንቨርተሮች የሚችሉት ቢበዛ 500 ቮልት ነው። ይቃጠላል፣ ዋስትናውም አብሮ ይሄዳል።

ገና ክረምት አላዩም። ሐምሌና ነሐሴ አዲስ አበባ ደመናው ሲከብድ ምርቱ በጣም ይወርዳል፣ ያኔ ምጣዱ በመስመሩ ይሥራ። በክረምት ባትሪው እስከ 10 ሰዓት እየሞላ ከሆነ አሁን ያለዎት ይበቃዎታል። ካልሞላ ሁለት ፓኔል ይጨምሩ፣ በሌላኛው የኢንቨርተሩ መግቢያ ይግቡ ወይስ ከነባሮቹ ጋር የሚለውን ግን የኢንቨርተሩን ጎን ፎቶ አንስተው ይላኩልኝና እነግርዎታለሁ።