«ይመጥጠዋል» ወይስ «ይጣበቀዋል»?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አራት ኪሎ የማስተርስ ተማሪ ነኝ። የማጠናው ጭድና ሰጋቱራ በኢንዛይም ወደ ስኳር ሲቀየር እንጨትን የሚያጠነክረው ሊግኒን እንዴት እንደሚያስቸግር ነው። በአማርኛ አጭር መግለጫ ስጽፍ «በመበስበስ ጊዜ ሊግኒን ኢንዛይሙን ይመጥጠዋል» አልኩ። ጓደኛዬ «ይጣበቀዋል» በይ አለችኝ። ማናችን ነን ልክ?

መልስ፦ ሁለታችሁም ትንሽ ስታችኋል። ያንቺ ግን ይብሳል።

መምጠጥ ወደ ውስጥ ማስገባት ነው። ሰፍነጉ ውሃውን መጠጠ፣ እንጀራው ወጡን መጠጠ እንላለን። እንጀራውን ቆረስ አድርገሽ ብታዪው ወጡ መሀሉ ድረስ ዘልቋል። ኢንዛይሙ ግን ላይ ላዩን ነው የሚለጠፈው። በእንግሊዝኛ ሁለቱ ቃላት (absorb ወደ ውስጥ መምጠጥ፣ adsorb ላይ ላዩን መለጠፍ) የሚለያዩት በአንድ ፊደል ስለሆነ ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይሸወዳል። አማርኛው ላይ ግን ምንም የሚያምታታ ነገር የለም።

ጓደኛሽ ግሱን አግኝታዋለች፤ ባለቤቱን ግን ገለበጠችው። ሊግኒኑ እንጨቱ ውስጥ እንደ ሲሚንቶ ተጋግሮ የቆመ ነው። ውሃው ውስጥ ሥራ ፍለጋ የሚዞረው ኢንዛይሙ ነው። ዝንብ ማር ላይ ተጣበቀች እንላለን እንጂ ማሩ ዝንቧ ላይ ተጣበቀ አንልም።

ግን «ተጣበቀ» ብቻውንም አይበቃሽም። ሴሉሎስን፣ ማለትም ስኳሩ የሚገኝበትን የእንጨቱን ክር፣ የሚቆርጠው ኢንዛይም መጀመሪያውኑ መጣበቅ ሥራው ነው። ብዙዎቹ ሴሉሎሱን የሚጨብጡበት እጅ የመሰለ ክፍል አላቸው። ይህ እጅ ውሃ የማይወድ ጠፍጣፋ ገጽ አለው። ሊግኒንም ውሃ አይወድም። ስለዚህ ያው እጅ ሊግኒኑንም ጭብጥ ያደርገዋል። ሴሉሎስ ላይ መጣበቁ ሥራ ነው፤ ሊግኒን ላይ መጣበቁ ኪሳራ። ግሱ አንድ ነው። ታዲያ በምን እንለያቸው?

«ቀረ» አለልሽ። ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ ፎቶ ኮፒ እንዲያመጣ የላክሽው ልጅ መንገድ ላይ ጓደኞቹ ማኪያቶ ጋበዙት እንበል። «ካፌ ተቀመጠ» ብትዪ ምንም የተበላሸ ነገር የለም። «ካፌ ተቀምጦ ቀረ» ስትዪ ግን ፎቶ ኮፒው እንዳልመጣ ሁሉም ይገባዋል። ኢንዛይሙም እንዲሁ ነው፦ «ሊግኒኑ ላይ ተጣብቆ ቀረ»። ሊግኒኑን ባለቤት ማድረግ ከፈለግሽ ደግሞ «ያስቀረዋል» በይ። ብቻ «ሁሉንም» እንዳትዪ፤ ተላቆ የሚመለስም አለና።

ሌላው የሊግኒን ጥፋት ከዚህ ይለያል፤ ሴሉሎሱን ይከልለዋል። ይህ ኢንዛይሙ ገና ሳይደርስ ነው፤ ከላዩ ጋር አታምታቺው። እንዲህ ብትጽፊው ይሻላል፦ «ሊግኒን ሴሉሎሱን ይከልላል፤ ከኢንዛይሙም ከፊሉን ላዩ ላይ አጣብቆ ያስቀራል።»

ኢንዛይሙ እንዳይባክን እንደ አልቡሚን ያለ ፕሮቲን ቀድመሽ የምትጨምሪ ከሆነ «ሊግኒኑን አከመ» ምናምን አትበይ። አልቡሚኑ ቦታ ይይዛል፣ አለቀ። ታክሲ ውስጥ ቦርሳ አስቀምጠን እንደምንይዘው።

«ኢንዛይም» የሚለውን ደግሞ እንዳለ ተዪው። የግሪክ ቃል ነው፤ «በእርሾ ውስጥ» እንደማለት። እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ ጀርመናዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ ኩነ ነው ያወጣው። ሊጥ አቡክቶ ለሚያድር ሕዝብ ብዙም ባዕድ አይመስለኝም።

ሳልረሳው፣ «በመበስበስ ጊዜ» ያልሽውን ብታወጪው ጥሩ ነው። እንጉዳይ የወረሰው የባሕር ዛፍ ግንድ ይበሰብሳል። በነገራችን ላይ ሊግኒኑን ራሱን አፈራርሰው እንጨቱን የሚያነጡ የእንጉዳይ ዘሮች አሉ። አንቺ ጠርሙስ ውስጥ በተለካ ኢንዛይም የምትሠሪው ግን መበስበስ አይባልም። «ሲፈራረስ» በይው፤ የበሰበሰማ እንደሆነ ሙከራሽ ተበላሽቷል ማለት ነው።