1977 የትኛው ነው?

ጥያቄ፦ ስለ አብዮቱና ስለ እርስ በርስ ጦርነቱ ማንበብ ጀምሬያለሁ። አንድ የትርጉም መጽሐፍ «በ1977 ቀይ ሽብር ተፋፋመ» ይላል። አባቴ ግን «ሰባ ሰባት የድርቅ ዘመን ነው፤ ቀይ ሽብርማ ያኔ አልፏል» ይላሉ። ማንን ልመን?
(አንባቢ፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ አባትዎ ልክ ናቸው፤ መጽሐፉም አልተሳሳተም፤ «እ.ኤ.አ.» የምትለዋን ስለጣላት ነው። ቀይ ሽብር በኛ የ1969 እና የ1970 ነገር ነው። ሰባ ሰባት ድርቁና ሰፈራው ናቸው።

ወደ ፈረንጅ ሲቀይሩ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ላለው 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ይደምሩ፤ ወደኛ ሲመልሱ ይቀንሱ። ጳጉሜን 6 ከሆነች በኋላ በሚመጣው ዓመት (ለምሳሌ በ1968) የቀኑ ልክ እስከ የካቲት ድረስ በአንድ ቀን ይንሸራተታል። ወር ያልተጻፈበትን ዓመት ግን ጨርሶ አይመልሱ። አብዮቱ የፈነዳው በየካቲት 1966፣ ንጉሡ የወረዱት መስከረም 2 ቀን 1967 ነው፤ ሁለቱም በፈረንጅ 1974 ናቸው።

ከዘመኑ ይልቅ የሚያስቸግረው የጸሐፊው ወገን ነው። ደርግ፣ ተቃዋሚው ኢሕአፓ (የኢትዮጵያ ሕዝብ አብዮታዊ ፓርቲ) የሚፈጽመውን ግድያ «ነጭ ሽብር» ይለው ነበር፤ ማን ቀድሞ ተኮሰ በሚለው ላይ ኢሕአፓና ሌላው የግራ ድርጅት መኢሶን (መላ ኢትዮጵያ ሶሻሊስት ንቅናቄ) እስከ ዛሬ አልተስማሙም። መኢሶን ደግሞ እስከ ነሐሴ 1969 ከደርግ ጋር ሠርቶ፣ ከዚያ ኅቡዕ ገብቶ ራሱ ተመታ። ስለዚህ የአንድ መኢሶን ሰው ትዝታ ሲያነቡ ከነሐሴ በፊት ያለውንና በኋላ ያለውን ለይተው ያንብቡ፤ ስለ ደርግ የሚናገርበት ቃል ራሱ ይለወጣል።

ባለ 50 ሉክ ደብተር ይግዙ። ከ1966 እስከ 1983 ለእያንዳንዱ ዓመት ፊት ለፊት ያሉ ሁለት ገጾች ይስጡ። በግራ የሆነውን ከነቀኑ፣ በቀኝ ማን እንደተናገረውና በየትኛው ወገን እንደነበረ ይጻፉ። አንድ ነገር በሁለት ተቃራኒ ወገኖች ካልተጻፈ በእርሳስ ብቻ ያስፍሩት።

አባትዎንም ይጠይቋቸው። በቀን ቁጥር ሳይሆን በበዓል ያስታውሱ ይሆናል፦ «የእንቁጣጣሽ ማግስት» ካሉ መስከረም 2 ነው። «ለማርያም» ካሉ ወሩን ይጠይቁ፤ 21 በየወሩ አለ፣ ደርግ የተቋቋመውም በሰኔው ነው። «ከፋሲካ በኋላ» ካሉ ግን ዓመቱን ሳያረጋግጡ ቀን አይጻፉ፤ ፋሲካ በየዓመቱ ይዛወራል።