ስለ ልብ ኢንፌክሽንና ስለ 28 ቀኑ መርፌ፦ ጥያቄና መልስ

ሲስተር፦ እንደምን አመሻችሁ የጎጃም ልጆች። በልብ ክትትል ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። የማውቀውን እመልሳለሁ፤ የሐኪም የሆነውን ለሐኪም እተወዋለሁ። ስትጠይቁ የታማሚውን ዕድሜ፣ ከጀመረው ስንት ጊዜ እንደሆነና የሚወስደውን መድኃኒት ጻፉ። ያለዚያ መልስ የለኝም።

ከቢቸና፦ ሲስተርዬ፣ ልጄ 9 ዓመቷ ነው። ጉሮሮዋን አሟት ተሻላት። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ጉልበቷ አበጠ፣ ትኩሳትም ያዛት። አሁን ደግሞ ጉልበቷን ትቶ ክርኗን ያዛት። ጎረቤት «የእድገት ቁርጥማት ነው፣ ይለቃታል» ይላል።

ሲስተር፦ እናቴ፣ ነገ ጠዋት ይዘሻት ሂጂ። የእድገት ቁርጥማት ትኩሳት የለውም፣ መገጣጠሚያም አያሳብጥም። ከአንዱ መገጣጠሚያ ወደ ሌላው የሚዞር እብጠት ከትኩሳት ጋር ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የሩማቲክ ትኩሳት ነው። ጉሮሮዋን ያመማት ስትሬፕቶኮከስ የሚባል ባክቴሪያ ከሆነ፣ ሰውነቷ እሱን ለመዋጋት ያወጣው መከላከያ የራሷን ልብም ሊያጠቃ ይችላል። መገጣጠሚያው ይድናል። የልብ ቫልቭ፣ ማለት ደሙ የሚያልፍበት በር፣ ግን ጠባሳ ሊይዝ ይችላል። ልጅቷ እየሮጠች እየተጫወተች ቫልቩ ሊጎዳ ስለሚችል፣ የልብ አልትራሳውንድ እንዲታዘዝላት ጠይቂ፤ ኢኮ የሚሉት ነው። ሌላም ልንገርሽ። ከወራት በኋላ እጇ ያለ ፈቃዷ ቢወራጭ፣ የደብተር ጽሑፏ ድንገት ቢበላሽ፣ ብርጭቆ ከእጇ ቢያመልጣት የሰው ዓይን ነው ብለሽ አትቀመጪ። እሱም ከዚሁ በሽታ ነው።

ከቡሬ፦ ወንድሜ 17 ዓመቱ ነው። ቫልቩ ተጎድቷል ተብሎ የወር መርፌ ጀምሯል። አሁን ምንም አይሰማውም። እስከ መቼ ነው የሚወጋው?

ሲስተር፦ ቫልቩ ከተጎዳ ቢያንስ 10 ዓመት ወይም 40 ዓመት እስኪሞላው ነው፤ ከሁለቱ የረዘመው ይወሰዳል። ዕድሜ ልኩን የሚወጋም አለ። «ምንም አይሰማኝም» ማለት መርፌው ይቁም ማለት አይደለም። መርፌው ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ነው። የተበላሸውን አይጠግንም፤ የሩማቲክ ትኩሳቱ ተመልሶ ሌላ ጉዳት እንዳይጨምርበት ይከላከላል።

አሁን ሁላችሁም ስሙኝ። መርፌው የወር አይደለም፣ የ28 ቀን ነው። ብዙ እናቶች «በሚካኤል በሚካኤል አስወጋዋለሁ» ይሉኛል። ከ12 እስከ 12 ስንት ቀን ነው? 30። በየወሩ ሁለት ቀን ዘገያችሁ ማለት ነው። ነሐሴ 12 የተወጋማ መስከረም 12 ሲደርስ ጳጉሜ መሃል ገብታ 35 ቀን ይሆነዋል። መድኃኒቱ በደም ውስጥ በጣም የሚያንሰው ደግሞ በመጨረሻዎቹ ቀናት ነው። ስለዚህ በሳምንቱ ቀን ቁጠሩ። ማክሰኞ ከተወጋ፣ የተወጋበት ሳይቆጠር፣ ቀጣዩ በአራተኛው ማክሰኞ ነው። የገበያ ቀናችሁን ብትይዙት ደግሞ አይረሳም፤ ከገጠር የሚወጣም ሰው አንድ መንገድ ይበቃዋል። አንዳንዱን ሐኪሙ በየ21 ቀኑ ያዝለታል፤ እሱም በሦስተኛው ማክሰኞ ይሆናል።

ከደምበጫ፦ ልቤን ይወጋኛል፣ ምን ልጠቀም?

ሲስተር፦ ዕድሜህ? ከጀመረህ ስንት ጊዜ ሆነህ? ከላይ ጽፌያለሁ እኮ።

ከፍኖተ ሰላም፦ ጾም ላይ መርፌውን ባዶ ሆድ መወጋት ይቻላል?

ሲስተር፦ አይሆንም። በተለይ ቫልቩ በጣም የጠበበ ወይም ልቡ የደከመ ሰው ሳይበላና ውኃ ሳይጠጣ ቢወጋ ሊወድቅ ይችላል። እንዲህ ያለው ሰው ከመርፌ ወደ ኪኒን ይቀየርለት እንደሆነም ሐኪሙን ይጠይቅ። ቀጠሮህን ከቅዳሴ መውጫ በኋላ አድርገው፤ ካልሆነ የንስሐ አባትህን አማክር። ተኝተህ ተወጋ፣ ከተወጋህም በኋላ ጥቂት ቆይ። ፔኒሲሊን አስቸግሮህ የሚያውቅ ከሆነ ከመወጋትህ በፊት ተናገር። ቤት ለቤት ከሚወጉ ሰዎች ራቅ።

ከሞጣ፦ እኔ የምለው፣ እንጥሉ በሕፃንነቱ ቢቆረጥ የጉሮሮ ሕመሙም አይመጣም ነበር። እኛ ሁላችን ተቆርጠን ነው ያደግነው።

ከባሕር ዳር፦ አያ፣ የሚናገረው ያደገው ነው። ያላደገው የት ሆኖ ይናገር? የአክስቴ ልጅ እንጥሉ ተቆርጦ ደሙ አልቆም ብሎ ነው ያለፈው።

ከሞጣ፦ ነፍስ ይማር። የቆራጩ እጅ ነው እንጂ እንጥሉማ ምን አደረገ?

ከባሕር ዳር፦ ምላጩስ? ስንት ልጅ ነክቶ ነው የመጣው?

ሲስተር፦ በቃ፣ ተዉ። እንጥል መቁረጥ ሩማቲክ ትኩሳትን አይከላከልም። ባክቴሪያው እንጥል ኖረ አልኖረ ጉሮሮ ላይ ይቀመጣል። ትርፉ መድማት፣ ቴታነስና በምላጭ የሚተላለፍ በሽታ ነው። የባክቴሪያ የጉሮሮ ሕመም አንድ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ ወይም የ10 ቀን ሙሉ ኪኒን ይበቃዋል። በሁለተኛው ቀን ተሻለው ብላችሁ አታቋርጡ።

ከደብረ ማርቆስ፦ እህቴ 26 ዓመቷ ነው። ቫልቯ የተጎዳ መሆኑ ይታወቃል። አንድ ወር ሙሉ ትኩሳት አለባት፣ ሌሊት ያልባታል፣ ከስታለች። «ታይፎይድና ታይፈስ ነው» እየተባለ ሦስት ዓይነት መድኃኒት ወሰደች። ይሻላትና ይመለሳል።

ሲስተር፦ ዛሬውኑ ትልቅ ሆስፒታል ውሰጃት። ቫልቩ የተጎዳ ሰው የማይለቅ ትኩሳት ሲይዘው ቫልቩ ላይ ባክቴሪያ ሰፍሮ እንደሆነ መታየት አለበት። በሽታው ኢንዶካርዳይቲስ ይባላል። ለታይፎይድ የምትደረገዋ የዊዳል ምርመራ ብዙ ጊዜ ታሳስታለች። ዋናው ምርመራ የደም ካልቸር ነው፣ ደም ውስጥ ያለውን ባክቴሪያ አሳድጎ የሚያሳይ፤ ከተለያየ ቦታ ሁለት ሦስት ጊዜ ይቀዳል፣ አንቲባዮቲክ ከመጀመሩ በፊት። ፊት የተወሰደ አንቲባዮቲክ ባክቴሪያውን ይደብቀዋል፤ ስለዚህ የወሰደችውን ሁሉ ባዶ ማሸጊያውን ሰብስበሽ ሂጂ። ኢኮም ይታያል። ሕክምናው ተኝቶ በደም ሥር ነው፣ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት። ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገውም አለ። አንድ ጎኗ ቢዝል ወይም አንደበቷ ቢተሳሰር ሰዓት አትቁጠሩ። ቫልቩ የተጎዳ ሁሉ ጥርሱን ይጠብቅ። ከአፍ የሚነሳ ባክቴሪያ ብዙ ሰው ጎድቷል።

ከአዴት፦ አባቴ 58 ዓመቱ ነው። የልቡ ሽፋን ውኃ ቋጥሯል ተባለ። ቲቢ ነው አሉ። ሳንባው ደህና ነው እኮ!

ሲስተር፦ ቲቢ ሳንባ ላይ ሳይታይ የልብ ሽፋንን ይይዛል። ውኃው ልቡን ከጨመቀው በመርፌ ይቀዳል። መድኃኒቱ 6 ወር ነው፣ አንድ ቀን አይዘለልም። ሌላውን ሐኪሙን ጠይቅ።

ከባሕር ዳር፦ እኔም ልጠይቅ። 22 ዓመቴ ነው። ከጉንፋን በኋላ «የልብ ጡንቻህ ተቆጥቷል» ተባልኩ። ኳስ መቼ ልጫወት?

ሲስተር፦ ሐኪምህ ሳይፈቅድልህ አትጫወት። ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 6 ወር ነው። «ትንሽ ብሮጥስ» አትበል፤ ልብ ሊያቆም ይችላል።

ከደጀን፦ መርፌው እስከ መቼ ነው የሚወሰደው?

ሲስተር፦ ለቡሬው ልጅ መልሻለሁ፣ ወደ ላይ ውጣና አንብብ። 28 ቀን! የወር አይደለም!

ከመርጦ ለማርያም፦ ባለቤቴ 31 ዓመቷ ነው። ቫልቭ ተቀይሮላት ዋርፋሪን የሚባለውን ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት ትወስዳለች። ጾም ሲገባ ደሟ ይዛባል።

ሲስተር፦ በጾም ጎመን ይበዛል። ጎመን ቫይታሚን ኬ አለው፣ የዋርፋሪንን ኃይል ይቀንሳል። አትተወው፤ በፍስክም በጾምም መጠኑ አንድ ዓይነት ይሁን። ጾም ሲያዝና ሲፈታ የደም ምርመራዋን ታሠራ። እርግዝና ካሰባችሁ ደግሞ ከማርገዟ በፊት ሐኪሟን አማክሩ፤ ዋርፋሪን ፅንስ ይጎዳል። በራሷ ግን እንዳታቆመው፣ ቫልቩ ላይ ደም ይረጋል።

ከቡሬ፦ ሲስተር፣ ይቅርታ፣ አንዴ ልመለስ። ጤና ጣቢያው መርፌው አልቋል ቢለንስ?

ሲስተር፦ ይሄን መጠየቅህ ጥሩ ነው። «ሲመጣ እንመለሳለን» ብላችሁ ወደ ቤት አትሂዱ። ሌላ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ፈልጉ። ካጣችሁ፣ መርፌው እስኪገኝ በቀን ሁለቴ የሚዋጥ የፔኒሲሊን ኪኒን እንዲጻፍለት ጠይቁ። ካርዱን ግን ይዛችሁ ሂዱ፤ ካርድ የሌለውን ሰው አዲስ ነው ብለው ከሀ ይጀምሩታል።