ዳሌዬ ከተቀየረ ወዲህ እግሬ የት እንዳረፈ ይጠፋኛል፤ በኋላ በኩል ስለተሠራልኝ ይሆን?

ጥያቄ፦ የ63 ዓመት ሴት ነኝ። የቀኝ ዳሌዬ መገጣጠሚያ በኋላ በኩል ተከፍቶ ከተቀየረልኝ 7 ሳምንት ሆነኝ። ሕመሙ ለቆኛል፤ ነገር ግን በጨለማ ስነሳ ወይም ደረጃ ስወርድ እግሬን ካላየሁት አላምነውም። በፊት በኩል የተሠራላት ጓደኛዬ በ4ኛው ሳምንት ምርኩዟን ጥላለች። እኔም በዚያ በኩል ቢሆንልኝ ይሻል ነበር?

መልስ፦ ዓይን ጨፍነን እግራችን ምን ያህል እንደታጠፈ የምናውቀው በዋናነት ጡንቻና ጅማት ውስጥ ባሉ፣ መለጠጥንና መወጠርን በሚለዩ የነርቭ ጫፎች ነው። መገጣጠሚያውን የሚሸፍነው ከረጢትና ቆዳም የበኩላቸውን ይጨምራሉ። ዳሌ ሲቀየር የጭን አጥንቱ ራስ ይወጣል፤ ከረጢቱም ይከፈታል ወይም በከፊል ይነሣል። ያም ሆኖ ስሜቱ በአብዛኛው ሳይጠፋ ይቆያል፤ ይህ በ1973 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ሳይቀር ታይቷል። ስለዚህ የተከፈተበት በኩል ለውጥ የሚያመጣው በነካው ጡንቻ ልክ ነው።

በኋላ በኩል ሲገባ ትልቁ የመቀመጫ ጡንቻ በክሮቹ አቅጣጫ ይሰነጠቃል፤ ከሥሩ ያሉት ጭንን ወደ ውጭ የሚያዞሩ አጫጭር ጡንቻዎች ተላቀው መጨረሻ ላይ ተመልሰው ይሰፋሉ። ቆመን ስንሄድ ዳሌን ደልደል አድርገው የሚይዙት የጎን ጡንቻዎች ግን አይላቀቁም። በጎን በኩል ሲገባ የሚላቀቀው የእነዚሁ የፊት ክፍል ነው፤ ስንጥቁ ወደ ላይ ከ5 ሴንቲ ሜትር ካለፈ ደግሞ የሚያዛቸው ነርቭ ሊጎዳ ይችላል። በአንድ እግር ሲቆሙ ዳሌ ወደ ሌላው ጎን የሚዘም ከሆነ አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ለሚዛን ሲባል ከሦስቱ መግቢያዎች (ከኋላ፣ ከጎንና ከፊት) ይበልጥ የምጠነቀቀው ለጎኑ ነው። በፊት በኩል ሲገባ በጡንቻዎች መካከል ስለሚታለፍ ብዙውን ጊዜ የሚላቀቅ የለም፤ እሱም ግን ጣጣ አለው፤ የጭን ውጫዊ ቆዳ ሊደነዝዝ ይችላል።

ጓደኛዎ መቅደማቸው አይገርምም። በፊት በኩል የተሠራላቸው በመጀመሪያዎቹ 6 ሳምንታት ፈጠን ይላሉ፤ ከ3ኛው ወር በኋላ ግን ልዩነቱ እየጠበበ ይሄዳል። ለዓመታት ሲያነክስ የከረመ እግር ጡንቻው ስለሚሟሽሽም፣ አንዳንዱ ችግር ከቀዶ ሕክምናው በፊት የነበረ ነው።

ፊዚዮቴራፒስትዎ ከፈቀዱልዎ በቀን ሁለት ጊዜ ይህን ይሞክሩ። ጠንካራ ጠረጴዛ ፊት ቆመው በሁለት እጅ ይያዙ፣ ከኋላዎ ወንበር ይኑር። ወለሉ ላይ ከቀኝ እግርዎ 20 ሴንቲ ሜትር ወደ ጎን ፕላስተር ይለጥፉ። እግርዎን እያዩ ምልክቱ ላይ ያድርሱና ይመልሱ፤ ከዚያ ዓይንዎን ጨፍነው ይድገሙና ሲገልጡ ምን ያህል እንደሳቱ ይዩ። 8 ጊዜ ይበቃል። በጎን በኩል የተሠራለት ሰው ግን ሐኪሙ ሳይፈቅድ እግሩን ወደ ጎን አያንሣ፤ የተሰፋው ሊላቀቅ ይችላል። ቀጥሎ ሁለት የክብደት መለኪያ ካገኙ አንዱን በግራ ሌላውን በቀኝ እግርዎ ሥር አድርገው ሳያዩ እኩል ለመጫን ይሞክሩ፣ ከዚያ ቁጥሩን ይመልከቱ። አብዛኛው ሰው ሳያውቀው ጤነኛውን እግር ይጫናል።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ቸኩለው ዓይን ጨፍነው በአንድ እግር ለመቆም ሲሞክሩ ነው። መጀመሪያ ዓይን ተገልጦ፣ መስታወት ፊት፣ ቀበቶዎ ሳያዘነብል 10 ሰከንድ ይቁሙ። ሲዞሩ ቀኝ እግርዎን ተክለው አይሽከርከሩ፤ በትንንሽ እርምጃ ይዙሩ። ቀዶ ሐኪምዎ እስኪፈቅዱ ዳሌዎን ከ90 ዲግሪ በላይ አይጠፉ፣ እግር አያቆላልፉ፣ የእግር ጣትዎን ወደ ውስጥ አያዙሩ። ምርኩዙ በግራ እጅ ይሁን፤ ደረጃ ሲወርዱ ምርኩዙና ቀኝ እግርዎ ይቅደሙ። ሌሊት መብራት ሳያበሩ አይነሡ።

ድንገት ብርቱ ሕመም መጥቶ እግርዎ ካጠረና ወደ ውስጥ ከዞረ መገጣጠሚያው ወልቆ ሊሆን ስለሚችል ወዲያው ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ባትዎ ካበጠ ወይም የእግርዎን ጫማ ወደ ላይ ማንሣት ካቃተዎትም አይዘግዩ። ሁለቱም እግሮችዎ የሚደነዝዙ ከሆነ ግን ነገሩ ከዳሌ ውጭ ሊሆን ይችላል፤ የደም ስኳርዎንና የቫይታሚን ቢ 12 መጠንዎን ያስመርምሩ።