ሽንታቸው ስለጠራ ብቻ አትዘናጋ

አባትህ ያለ ሕመም ደም ሸንተው በማግስቱ ስለቆመላቸው «ከቡሬ ድረስ ሐኪም ቤት መሄድ ያስፈልጋል?» ብለሃል። አዎ፣ በዚሁ ሳምንት ውሰዳቸው። በኩላሊት ካንሰር የሚመጣ ደም ታይቶ ይጠፋል፤ መጥፋቱ መዳን አይደለም፤ ብዙ ጊዜም አያምም።

ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ስትደርሱ ከሽንት ምርመራው ሌላ የኩላሊት አልትራሳውንድ እንዲታዘዝላቸው ጠይቅ። አጠራጣሪ እብጠት ከታየ ሲቲ ስካን ይከተላል። የማይለቅ የጎን ሕመም፣ ያለ ምክንያት መክሳት፣ የሚመላለስ ትኩሳት ካለባቸው፣ ሲጋራም የሚያጨሱ ከሆነ ለሐኪሙ ሳትደብቅ ንገር። ጠጠር ወይም ኢንፌክሽንም ሊሆን ይችላልና ከወዲሁ አትሸበር።

አንድ አደራ፦ እኛ ጎጃሞች የጎን ሕመምን «ብርድ ነው» ብለን እናልፋለን። በማስታገሻ ብቻ ወራት ያሳለፉ ሰዎች አይቻለሁ። ካንሰር ቢሆን እንኳ ከኩላሊቱ ሳይወጣ ከተደረሰበት በቀዶ ሕክምና የመዳን ዕድሉ ሰፊ ነው።