«ጣቶቼ ይንቀሳቀሳሉ፤ ታዲያ ምኑ ነው የተሰበረው?»

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የምኖረው ዴንቨር ነው፤ ዕድሜዬ 37 ሲሆን የምተዳደረው በጭነት መኪና ሾፌርነት ነው። ካለፈው ዓመት የበረዶ ወራት ጀምሮ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ስኖቦርድ፣ ማለትም በሰሌዳ ላይ ቆሞ በበረዶ መንሸራተት፣ እየተማርኩ ነው። ከአራት ሳምንት በፊት ብሬክንሪጅ በሚባለው የበረዶ መንሸራተቻ ተራራ ላይ ወደ ኋላ ስወድቅ በቀኝ እጄ ተደገፍኩ። በዚያው ቀን ራጅ አንሥተው «ስብራት አይታይም» አሉኝና የእጅ ማሰሪያ ሰጥተው፣ ካልተሻለኝ በሁለት ሳምንት እንድመለስ ነገሩኝ። ማሰሪያው ለሥራ ስላላመቸኝ በሦስተኛው ቀን አወለቅሁት። ወጌሻነት የሚያውቅ አንድ የአገር ሰው ሁለት ጊዜ አሽቶኝ እብጠቱ ጠፍቷል። ጣቶቼ ሁሉ ይንቀሳቀሳሉ፤ ነገር ግን መሪ ስጠመዝዝ ወይም በር ስከፍት ከአውራ ጣቴ ሥር ይወጋኛል። ጠዋትና ማታ አይቡፕሮፌን 800፣ ቀን ደግሞ ናፕሮክሲን እወስዳለሁ፤ ጾም በመሆኑ የጠዋቱን በባዶ ሆዴ ነው። ለዚህ የሚሻለው ቅባት የትኛው ነው? ቅዳሜ ተመልሼ ስለምወጣም፣ እንዳልወድቅ ችሎታዬን በፍጥነት የማሻሽልበትን መንገድ ቢጠቁሙኝ። ባለቤቴ «በረዶ ለሐበሻ አልተፈጠረም፣ ተወው» ትለኛለች።

መልስ፦ የጠየቁኝ ስለ ቅባት ነው፤ እንቅልፍ የነሣዎት ግን መሪ የሚይዘው እጅዎ ይመስለኛል። እንግዲያው ከእሱ ልጀምር። እጅዎ አልጠፋም። የምጠረጥረው ነገር እውነት ሆኖ ቢገኝ እንኳ በዚህ ጊዜ ከተደረሰበት አብዛኛውን ጊዜ ይድናል፤ ወደ መሪዎም ይመለሳሉ። ከዚህ በታች ያለው ግን ሁሉም ደስ የሚያሰኝ አይደለም።

እስቲ ይህን ጋዜጣ ሳያስቀምጡ አንድ ነገር ይሞክሩ። ቀኝ እጅዎን አውራ ጣቱ ወደ ላይ እንዲሆን አድርገው በጎኑ ጠረጴዛ ላይ ያሳርፉት። አውራ ጣትዎን ወደ ኋላ ገተር ሲያደርጉት፣ ከሥሩ በአንጓው በኩል ሁለት ጅማቶች ይወጠራሉ፤ በመካከላቸው ትንሽ ጎድጓዳ ቦታ ትፈጠራለች። በግራ እጅዎ አመልካች ጣት እዚያች ላይ ጫን ይበሉ። ቀጥለው በጤነኛው እጅ ላይም ይህንኑ ያድርጉ። ጤነኛውም ትንሽ ይቆረቁራል። የታመመው እጅ ግን ሳያስቡት ከጠረጴዛው ላይ ነጥቀው እንዲያነሡት ካደረገዎት፣ ከእብጠቱ መጥፋት ይልቅ እኔ የማምነው ይህንን ሕመም ነው። ምንም ባይሰማዎትም ከመመርመር አያድንዎትም፤ መሪ ሲጠመዝዙ የሚወጋዎት ነገር ብቻውን በቂ ምክንያት ነው።

ከጎድጓዳዋ ሥር ስካፎይድ የምትባል፣ ርዝመቷ ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል የሆነች አጥንት አለች። ሰው ወድቆ በተዘረጋ መዳፍ ሲደገፍ ጫናው በእሷ በኩል ያልፋል፤ ወገቧም ላይ ትሰነጠቃለች። ክፋቱ ደም የምታገኘው በአመዛኙ ከአንድ አቅጣጫ፣ ከጣቶቹ በኩል መሆኑ ነው። ወደ ክንድ ያለው ጫፏ በውኃ መስመር መጨረሻ ላይ እንዳለ ቤት ነው፤ መስመሩ መሐል ላይ ከተበጠሰ መጀመሪያ የሚደርቀው እሱ ነው። ስንጥቋ ደግሞ በመጀመሪያው ቀን ራጅ ላይ ላትታይ ትችላለች። ከአሥር ቀን እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ሲደገም ብዙ ጊዜ ትገለጣለች። «በሁለት ሳምንት ተመለስ» ያሉዎት ለዚህ ነበር እንጂ ለይሉኝታ አልነበረም።

አሁን «ከተንቀሳቀሰ አልተሰበረም» ወደሚለው ልምጣ፤ ከሌላው ሁሉ ይልቅ ሰው የሚጎዳው በዚህ አባባል ስለሆነ ትንሽ ይታገሱኝ። ጣትን የሚያንቀሳቅሱት ጡንቻዎች አብዛኞቹ ያሉት ክንድ ላይ ነው። ጅማቶቻቸው አንጓውን አልፈው ጣት ድረስ ይዘልቃሉ። ስካፎይድ ቢሰነጠቅ ጅማቶቹን የሚያግዳቸው የለም፤ ስለዚህ ጣትዎ ይታጠፋል፣ ይዘረጋል፣ ቡና ስኒም ያነሣል። አባባሉ የመጣው ከጭን አጥንት ይመስለኛል፤ ጭኑ የተሰበረ ሰው በእርግጥም ተነሥቶ አይሄድም። የጭንን ሕግ ለእጅ አንጓ ማዋስ ግን አይቻልም። የአንጓ አጥንቱ ለሁለት ተከፍሎ ወራት ሙሉ ሥራውን እየሠራ «ወለምታ ነው» ሲል የኖረ ሰው ብርቅ አይደለም። አንዳንዱ የሚደርስበት ከዓመታት በኋላ አንጓው አልታጠፍ ሲለው ነው፤ ያልገጠመው አጥንት አጠገቡ ያሉትን መገጣጠሚያዎች እየፋቀ ሲያረጃቸው ማለት ነው።

ወጌሻውን ለማዋረድ አይደለም። እብጠቱ ግን ባይታሽም በአንድና ሁለት ሳምንት ይወርድ ነበር፤ ምስጋናውን የወሰደው እሱ ነው። የተሰነጠቀች ትንሽ አጥንት የምትፈልገው አለመነካካትን ነው። ማሸት የሚያደርገው የዚህን ተቃራኒ ነው፤ ለመያያዝ የጀመረውን ያላቅቃል። በአገር ቤት ሆስፒታሎች የሠራ ሐኪም ሁሉ በቀርከሃ ጠብቆ ታስሮ የጠቆረ እጅ ይዞ የመጣ ሕፃን አይቷል። እርስዎ እንደዚያ አልታሰሩም፤ እሰየው። ለሦስተኛ ጊዜ ግን እንዳይታሹ።

ስለ መድኃኒቱ ትዕግሥቴ ያልቃል። አይቡፕሮፌንና ናፕሮክሲን አንድ ቤተሰብ ናቸው፤ ሁለቱን ደርቦ መውሰድ ጉዳቱን እንጂ ፈውሱን አያበዛም። ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚወሰደው አይቡፕሮፌን በቀን ከ1200 ሚሊ ግራም ማለፍ የለበትም፤ እርስዎ በእሱ ብቻ 1600 ደርሰዋል። ያውም በባዶ ሆድ! ጾሙን እግዚአብሔር ይቀበልልዎ፤ ጨጓራዎ ግን የሚቀበል አይመስለኝም። ናፕሮክሲኑን ዛሬውኑ ያቁሙ። አይቡፕሮፌን የግድ ካስፈለገዎት ምግብ ከቀመሱ በኋላ፣ በጥቅሉ ላይ ከተጻፈው መጠን ሳያልፉ ይውሰዱ። ሰገራዎ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ሁሉንም ትተው ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ቅባት? የወደዱትን መቀባት ይችላሉ፣ አጥንት ግን አይገጥምም፤ ዳይክሎፌናክ ያለበት ከሆነ ደግሞ እሱም የዚያው ቤተሰብ ነው።

ነገ ጠዋት የእጅ ስፔሻሊስት ወይም የአጥንት ሐኪም ዘንድ ይደውሉ። ብዙ ማብራራት አያስፈልግዎትም፦ «ከወደቅሁ አራት ሳምንት ሆነኝ፣ የሚያመኝ ከአውራ ጣቴ ሥር ነው፣ ስካፎይድ እንዳይሆን ፈርቻለሁ» ይበሉ። ለዚያች አጥንት ተብሎ በተለየ አቅጣጫ የሚነሣ ራጅ አለ፤ በእሱ ካልታየ ኤምአርአይ ያሳያታል። ከተሰነጠቀች ጄሶ ለሳምንታት ሊቆይብዎት ይችላል፤ አንዳንዴ ትንሽ ብሎን ታስፈልጋለች። ሂሳቡ እንደሚያስፈራዎት አውቃለሁ፤ አሜሪካ ውስጥ የማይፈራው የለም። ክፍያው በየወሩ እንዲከፋፈልልዎት መጠየቅ ነውር አይደለም። አሁን በጄሶ ሊያልቅ የሚችለው በኋላ ከዳሌ አጥንት ተወስዶ የሚተከልበት ቀዶ ሕክምና ሲሆን ግን ሂሳቡም ከሥራ የሚቀሩበት ጊዜም ያንኑ ያህል ያድጋል።

ቅዳሜ አይወጡም። በዚህ አንደራደርም።

ባለቤትዎንም ቢሆን በአንድ ነገር አልደግፋቸውም። ሮቤል ተክለማርያም በ2006 ቱሪን፣ በ2010 ደግሞ ቫንኩቨር ላይ ኢትዮጵያን ወክሎ በክረምት ኦሊምፒክ በስኪ ተወዳድሯል። በረዶ ማንንም በትውልዱ አይመርጥም፤ ያልተማረውን ግን ይጥላል። እርስዎም፣ እንደምገምተው፣ ያስተማሩዎት ባልደረቦችዎ ናቸው።

ሐኪም ሲፈቅድልዎት የሚመለሱት በአሠልጣኝ ይሁን፤ የአንድ ቀን ትምህርት እንኳ ከጓደኛ ምክር የተሻለ ያስኬዳል። ስኪ ላይ የሚጎዳው በብዛት ጉልበት ሲሆን፣ ስኖቦርድ ላይ በተለይ ለጀማሪ የእጅ አንጓ ነው። ሁለቱ እግሮች አንድ ሰሌዳ ላይ ስለታሰሩ ሲወድቁ የቀረዎት እጅ ብቻ ነው። የብዙ ጀማሪ አወዳደቅ አንድ ዓይነት ነው፦ ሰሌዳው ጠፍጣፋ ሆኖ ሲንሸራተት በቁልቁለቱ በኩል ያለው ጠርዝ በረዶውን ይነክሳል፤ ሰሌዳው ቀጥ ሲል ሰውዬው ይወረወራል። ስለዚህ ፍጥነትን ከመመኘትዎ በፊት፣ በአረንጓዴ ክብ ምልክት በተለየው ቀላል ተዳፋት ላይ፣ አንድ ጠርዝ ብቻ ይዘው ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ እንደምትወርድ ቅጠል መውረድን ይልመዱ። መጀመሪያ በተረከዝ በኩል፣ ቀጥሎ በጣት በኩል። በሁለቱም ጠርዝ በፈለጉበት ቦታ መቆም ሳይችሉ መካከለኛ ወደሆነው ሰማያዊ ምልክት አይሻገሩ፤ ጓደኞችዎ ከባዱ ጥቁር ላይ ቢሆኑም።

መውደቅም ይለማመዱታል። ወደ ኋላ ሲወድቁ ጉልበትዎን አጥፈው በመቀመጫዎ ያርፉ፤ አገጭዎን ደረትዎ ላይ ያስጠጉ፣ እጆችዎን ደረትዎ ላይ ይሰብስቡ። ወደ ፊት ከሆነ በጉልበትና በጠቅላላ ክንድዎ፣ ጣቶችዎን ጨብጠው። እጅን መዘርጋት የተፈጥሮ ነገር ስለሆነ አንድ ጊዜ ተነግሮ አይለቅም፤ ለስላሳ በረዶ ላይ ደጋግመው ሆን ብለው ይውደቁ። የእጅ አንጓ መከላከያ ይግዙ፤ ከቅባትዎ ብዙም አይወደድም። ሲደክምዎት ደግሞ «የመጨረሻ አንዴ» ሳይሉ ይውረዱ። ብሬክንሪጅ ከፍታው 3900 ሜትር ግድም ይደርሳል፣ እዚያ ሰው ቶሎ ይደክማል፤ አዲስ አበባ አድገው ቢሆን እንኳ ከዚህ አይጠብቅዎትም፤ ከአዲስ አበባ 1500 ሜትር ያህል ይበልጣል።

የራስ ቁር የግድ ነው። ራስዎን ከተመቱ በኋላ እየጨመረ የሚሄድ ራስ ምታት፣ ማስመለስ ወይም ግራ መጋባት ከመጣ፣ ቁር ቢያደርጉም ባያደርጉም ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። ተዋናይቷ ናታሻ ሪቻርድሰን በ2009 ኩቤክ ውስጥ በጀማሪዎች ተዳፋት ላይ ወድቃ፣ ደኅና ነኝ ብላ ሕክምናውን ካልተቀበለች በኋላ በሁለተኛው ቀን ሞታለች።

ቀጠሮው እስኪደርስ ያወለቁትን ማሰሪያ ፈልገው ያድርጉት፤ አውራ ጣትን ጭምር የሚይዝ ዓይነት መድኃኒት ቤት ካገኙ የተሻለ ነው። ለሥራ አላመቸኝም ብለውኛል፤ እንግዲያው አሠሪዎን የእረፍት ቀን ይጠይቁ፣ በሚወጋ እጅ ያን ያህል ተሽከርካሪ አውራ ጎዳና ላይ መንዳትም አይገባም። ጣቶችዎ ከደነዘዙ፣ ከቀዘቀዙ ወይም ቀለማቸው ከተለወጠ ግን ቀጠሮውን ሳይጠብቁ ድንገተኛ ክፍል ይግቡ።